የተሳቢ ወለል እንጨት፤ አመራረጡና ከዝናብ አጠባበቁ

በአርሲና በባሌ ደጋ ስንዴ በሚታጨድበት ወራት የሚያልፍ መንገደኛ ከትራክተር ኋላ የሚጎተተውን ተሳቢ ሳያይ አይቀርም። በዚያው ተሳቢ ላይ በሰኔ ማዳበሪያ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ እህል፣ በገበያ ቀን ከብትና ሰው ይጫንበታል፤ ቤት በሚሠራበትም ጊዜ አሸዋና ድንጋይ ይመላለስበታል። ጎማውና መጎተቻው በየጊዜው ይመረመራሉ፤ ወለሉ ግን የሚታሰበው ሲሰበር ብቻ ነው።

ይህን ጥናት ለመጀመር ምክንያት የሆነኝ በአንድ የገበያ ቀን ያየሁት ነገር ነው። ከተሳቢ ላይ ሊወርድ የተነሣ አንድ የእርሻ በሬ የኋላ እግሩ ጣውላውን በስቶ ገባና ተሰበረ። በሬው በዚያው ቀን ታረደ፤ ባለቤቱም የሚያርስበትን በሬ በሥጋ ዋጋ ሸጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የሚያስገርመው ግን ጣውላው ከላይ ሲታይ እንከን ያልነበረበት መሆኑ ነው። ባለ ተሳቢው በየዓመቱ ከክረምት በፊት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባው እንደ ነበር ምሎ ተናገረ፤ ፊቱም እውነት ጠቁሮና ወዝቶ ነበር። የተሰበረውን ጣውላ ነቅለን ስንገለብጠው በአግዳሚው ብረት ላይ ያረፈበት ቦታ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ሆኖ ተገኘ።

በየዓመቱ ዘይት የጠጣ ጣውላ ለምን በሰበሰ? ደግሞስ ዝናብ የሚወርድበት የላይኛው ፊቱ ደኅና ሆኖ ሳለ ለምን ከታች በሰበሰ? መልሱ ባጭሩ ሲነገር፣ እንጨትን የሚያበሰብሰው የወረደበት ዝናብ ሳይሆን ገብቶ መውጫ ያጣው ውሃ ነው። ከዚህ በታች ስለ እንጨት አመራረጥ፣ ስለ አሠራርና ስለ ቅብ የሚነገረው ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

እንጨት ለዐይን ድፍን ይምሰል እንጂ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከሥር ወደ ጫፍ የተዘረጉ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች ጥርቅም ነው። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ወደ ቅጠሉ የሚወጣው በእነዚህ ነው፤ ተሰንጥቆ ጣውላ ከሆነም በኋላ ውሃው መመላለሻ የሚያደርጋቸው እነዚሁኑ ነው። ስለዚህ የጣውላው ሁለት ጫፎች፣ ማለት ቱቦዎቹ አፋቸውን ከፍተው የሚገኙበት ስፍራ፣ ከሰፊው ፊቱ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥነው ውሃ ይጠጣሉ። ብዙ ሰው የጣውላውን ፊት በጥንቃቄ ቀብቶ ጫፎቹን ሳይቀባ የሚተወው ይህን ባለማወቅ ነው። ቅብ የሚበቃው ለአንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ መቀባት የሚገባው ጫፉ ነበር።

በእንጨት ውስጥ ያለው የእርጥበት መጠን የሚነገረው እንጨቱ ፍጹም ሲደርቅ ከሚኖረው ክብደት ጋር ተነጻጽሮ ነው። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከጣውላው ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ይመዘናል፤ ከዚያም ከ100 ዲግሪ ጥቂት በሚበልጥ የምድጃ ሙቀት ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይደርቅና እንደገና ይመዘናል። በመጀመሪያ 250 ግራም የነበረው ኋላ 200 ግራም ሆኖ ቢገኝ የጠፋው 50 ግራም ውሃ ነው፤ 50 ለ200 ሲካፈል እርጥበቱ ከመቶ 25 ነበር ማለት ነው። ቁራጩ ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ወደ መሐል ገባ ተብሎ መወሰድ አለበት፤ ጫፉ ከሌላው ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል።

እንጨት የሚበሉት የፈንገስ ዘሮች በነፋስ የሚዞሩ ስለ ሆኑ የማይደርሱበት ቦታ የለም። ነገር ግን እርጥበቱ ከመቶ 20 በታች በሆነ እንጨት ላይ ሥራቸውን ለመጀመር አይችሉም፤ ደኅና አድርገው የሚራቡት ከመቶ 30 ገደማ ሲደርስና ከዚያም ሲያልፍ ነው። ዝናብ የመታው ጣውላ ከላይም ከታችም ነፋስ ካገኘው ዝናቡ ካባራ በኋላ ደርቆ ከአደጋው ወሰን በታች ይመለሳል። ብረት፣ ጭቃ፣ እበት ወይም የቀለም ቅርፊት የሸፈነው ስፍራ ግን ለሳምንታት ርሶ ይከርማል። በደጋ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፤ ሌሊት ብረቱ ከእንጨቱ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ በላዩ ጤዛ ያወርዳል፣ ያንንም ጤዛ የተጠጋው እንጨት ይጠጣዋል። እንግዲህ የበሬው እግር የገባበት ቦታ በአግዳሚው ብረት ላይ መሆኑ ድንገት አይደለም። ይልቁንም የሚያሳስበው አንዳንዱ ፈንገስ የእንጨቱን ክብደት ገና ጥቂት እጅ ሲበላ፣ መልኩም ብዙ ሳይለወጥ፣ አብዛኛውን ጥንካሬውን ቀድሞ የሚያጠፋ መሆኑ ነው።

እርጥበት ሌላም መዘዝ አለው፤ ይኸውም እንጨት ውሃ ሲጠጣ ማበጡ፣ ሲደርቅም መጨማተቱ ነው። በርዝመቱ የሚለወጠው ኢምንት ነው፤ በስፋቱና በውፍረቱ ግን ብዙ ነው። ከዚህም ውስጥ የዓመት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚያጥረው ከግንዱ ልብ ወደ ቅርፊቱ ከሚያጥረው እጥፍ ያህል ነው። እርጥብ ሆኖ የተመታ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በበጋ ደርቆ ስፋቱ ከመቶ 5 ቢቀንስ 1 ሳንቲ ሜትር አጣ ማለት ነው። በግራና በቀኝ ጠርዙ በሁለት ብሎን የታሰረ ከሆነ ይህን 1 ሳንቲ ሜትር የሚያመጣው ከየት ነው? መሐሉን ይሰነጥቃል እንጂ ሌላ መንገድ የለውም። በስንጥቁም በሚቀጥለው ክረምት ውሃ ይገባል። ስለዚህ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጠባብ ጣውላ ከሰፊው ይሻላል፤ ብሎኖቹም ወደ ጠርዝ ሳይሆን ወደ መሐል ቀረብ ተደርገው ቢመቱ፣ ቀዳዳቸውም ከብሎኑ ጥቂት ሰፋ ቢል እንጨቱ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል።

ከዚሁ ጋር አናጢዎችን ዘወትር የሚያከራክር አንድ ጉዳይ አለ፤ የጣውላው የትኛው ፊት ወደ ላይ ይሁን የሚለው ነው። ጣውላ ሲደርቅ የዓመት ቀለበቶቹ ተዘርግተው ለመቅናት የሚሹ ይመስል ሁለቱ ጠርዞች በቅርፊቱ በኩል ወዳለው ፊት ይቆለመማሉ። ገና እርጥብ የሆነ ጣውላ የቅርፊቱ ፊት ወደ ላይ ሆኖ ቢመታ ሲደርቅ እንደ ገበታ ይጎደጉድና ውሃ ያቁራል፤ የልቡ ፊት ወደ ላይ ቢሆን ግን መሐሉ ከፍ ብሎ ውሃውን ወደ ጠርዝ ያፈስሳል። በደንብ ደርቆ የተመታ ጣውላ ዝናብ ሲያገኘው የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ተከራካሪዎች እውነት አላቸው፤ ልዩነቱ አንዱ የሚናገረው ስለ እርጥብ፣ ሌላው ስለ ደረቅ እንጨት መሆኑ ነው። በአገራችን ገበያ የሚገኘው ጣውላ አብዛኛውን ጊዜ በሚገባ ያልደረቀ ስለ ሆነ የልቡን ፊት ወደ ላይ ማድረጉ ይመረጣል። ከልቡ ፊት ላይ አንዳንድ ጊዜ ስንጣሪ ይነሣል፤ ይህን መላጊያ ያስተካክለዋል።

እንግዲህ ወደ እንጨቱ ዓይነት እንመለስ። ሽማግሌዎች ሲጠየቁ ያለ ማወላወል የሐበሻ ጥድ ይላሉ፤ ፍርዳቸውም ትክክል ነው። የጥድ ልብ ምስጥም መበስበስም የማይደፍረው፣ ቀላል፣ ሲደርቅም ብዙ የማያጥር እንጨት ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ይህ ምስጋና የሚገባው ቀላ ለሚለው የልቡ እንጨት ብቻ ነው፤ በቅርፊቱ ሥር ያለው ነጭ ክፍል እንደ ማንኛውም እንጨት ይበሰብሳል። ይህ ሕግ ለጥድ ብቻ ሳይሆን ለዛፍ ሁሉ የሚሠራ ነው። ግማሹ ነጭ የሆነ የጥድ ጣውላ በጥድ ስም ተሽጦ የተገዛ እንደ ሆነ ገዢው የገዛው ስሙን እንጂ ጥድን አይደለም። ሁለተኛ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 የሐበሻ ጥድን ከዝግባ፣ ከዋንዛና ከኮሶ ጋር ያለ ልዩ ፈቃድ ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሏል፤ ያ አዋጅ በኋላ በሌላ ቢተካም የተፈጥሮ ደናችን ሁኔታ ከዚያ ወዲህ የተሻሻለ አይደለም። ስለ ተሳቢ ወለል ሲባል መቶ ዓመት የቆመ ጥድ መጣል ይገባል የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የተገኘ የጥድ ጣውላ ግን ምስማሩ ተነቅሎ ቢሠራበት ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ደርቆ ያለቀ ስለ ሆነም ከእንግዲህ ብዙ አያጥርም።

ዝግባ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው፣ ለመላግ የተመቸ ስለ ሆነ አናጢ ይወደዋል። ለደጅ ሥራ ግን በተፈጥሮው ደካማ ነው፤ ዝናብ ላይ የዋለ ዝግባ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ዋንዛ የዕቃ ቤትና የከበሮ እንጨት ነው፤ ለስላሳ ስለ ሆነም በበርሜል ጠርዝና በከብት ኮቴ ቶሎ ይጎዳል።

የቀሩት ተተክለው የሚበቅሉት ናቸው፤ እነርሱም ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ናቸው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አገራችን ገብቶ የአዲስ አበባን የማገዶና የቤት እንጨት ችግር ያቃለለ ዛፍ ነው። ሁሉም ባሕር ዛፍ ግን አንድ አይደለም። በደጋ በብዛት የሚታየው ነጩ ባሕር ዛፍ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ሲደርቅ እጅግ ይጨማተታል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም፤ መበስበስንም የመቋቋም ኃይሉ መጠነኛ ነው። በቆላውና በወይና ደጋው የሚበቅለው ቀይ ባሕር ዛፍ ግን ልቡ ቀይ፣ ከባድና መበስበስን በደንብ የሚቋቋም ነው። ችግሩ ዛፉ ለአጠና ሲባል በለጋነቱ ስለሚቆረጥ ጣውላ የሚወጣው ልብ ያለው ግንድ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። የፈረንጅ ጥድ ደግሞ ከሐበሻ ጥድ ጋር በስም ይዛመድ እንጂ በጽናት አይስተካከለውም፤ ቢሆንም በልኩ የሚጸና፣ ቀላል፣ ብዙ የማይጣመምና በየመጋዝ ቤቱ የሚገኝ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይመረጥ ለሚለው ክብደትን ማስላት ይረዳል። 4 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ስፋት ያለው ተሳቢ በ4 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ቢነጠፍ የሚፈጀው እንጨት 0.32 ሜትር ኩብ ነው። የፈረንጅ ጥድ በሜትር ኩብ 480 ኪሎ ግራም ያህል፣ ቀይ ባሕር ዛፍ 880 ያህል ቢመዝኑ፣ አንዱ ወለል 154 ሌላው 282 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ልዩነቱ 128 ኪሎ፣ ማለት በየጉዞው ከአንድ ኩንታል ከሩብ የሚበልጥ ስንዴ ነው። ነገር ግን የፈረንጅ ጥድ ልል ስለ ሆነ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን ብንል ክብደቱ ወደ 192 ኪሎ ይወጣና ልዩነቱ 90 ኪሎ ብቻ ይሆናል። እህልና ማዳበሪያ ለሚጭን ገበሬ የፈረንጅ ጥዱ ይበቃዋል እላለሁ፤ ድንጋይና የብረት ዕቃ የሚያመላልስ ግን ቀዩን ባሕር ዛፍ ቢፈልግ አይጸጸትም።

ስለ ውፍረት ካነሣን፣ የጣውላ ጥንካሬ የሚያድገው ከውፍረቱ ጋር እኩል ሳይሆን በውፍረቱ ካሬ ነው። ይህን በምሳሌ እንየው። 200 ሊትር ናፍጣ የያዘ በርሜል ከነቆርቆሮው ወደ 200 ኪሎ ግራም ይቀርባል፤ መንገዱ ጉድጓድ ሲሆን ተሳቢው ሲዘል ጫናው እጥፍ፣ 400 ኪሎ ይሁን። ይህ ሁሉ በ15 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ላይ፣ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ባሉት ሁለት አግዳሚ ብረቶች መሐል ቢያርፍ፣ ጣውላው 3 ሳንቲ ሜትር ሲወፍር በእንጨቱ ላይ የሚደርሰው ጭንቀት በካሬ ሳንቲ ሜትር 222 ኪሎ ግራም፣ 4 ሲሆን 125፣ 5 ሲሆን ደግሞ 80 ነው። ውፍረቱ 4 ሆኖ በብረቶቹ መሐል ያለው ርቀት ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ ጭንቀቱ 200 ይደርሳል። ስለዚህ አንድ አግዳሚ ብረት መጨመር ብዙ ጊዜ ወፍራም ጣውላ ከመግዛት ይረክሳል። ይኸው ሒሳብ የበሬውንም ነገር ያስረዳናል። ባለ 4 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ከታች አንድ ሳንቲ ሜትር ሲበሰብስበት ውፍረቱ የቀነሰው በሩብ ሲሆን ጥንካሬው ግን ከመቶ 44 ያህል ጠፍቷል።

በአሠራር በኩል የመጀመሪያው ሥራ እንጨቱን ማድረቅ ነው። ጣውላው ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ፣ በጥላ ሥር፣ በየመሐሉ እኩል የሆኑ ቀጫጭን እንጨቶች እየገቡ ይደረደራል፤ ከላዩ ድንጋይ ይጫንበታል፣ ጫፎቹም ወዲያው በወፍራም ቀለም ይደፈናሉ። ለፀሐይ የተሰጣ ጣውላ፣ ይልቁንም ባሕር ዛፍ፣ በፍጥነት ይደርቃል ሳይሆን በፍጥነት ይሰነጠቃል። ለዚህ ጥቂት ወራት መታገሥ ያስፈልጋል፤ በመስከረም የተሰነጠቀ ጣውላ በየካቲት ወይም በመጋቢት ቢነጠፍ መልካም ነው።

ብረቱ ከመነጠፉ በፊት ዝገቱ ተፍቆ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል። በየአግዳሚው ብረት ላይ ከብረቱ ጥቂት የሚሰፋ የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ማንጠፍ ብዙ ወጪ የሌለው ትልቅ መድኃኒት ነው፤ የብረቱ ጤዛ ወደ እንጨቱ እንዳይደርስ ይከለክላል፣ ሲጮኽም ያበርዳል። ብሎኑ፣ ሮንዴላውና ዳዶው ዚንክ የተለበጠ ቢሆን ይመረጣል። ምስማር ግን ተሳቢው በተንገጫገጨ ቁጥር እየላላ ቀዳዳውን የውሃ መግቢያ ያደርገዋል።

በጣውላዎቹ መሐል የሚተወው ክፍተት ከጭነቱ ጋር የሚጣላበት ጊዜ አለ። ውሃ እንዲወርድና ነፋስ እንዲገባ ለደረቅ ጣውላ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል መተው ይገባል፤ እርጥብ ከሆነ ደርቆ ራሱ ስለሚከፍተው አጠጋግቶ መምታት ይቻላል። በዚህ ክፍተት ግን ስንዴ ይፈስሳል፤ ጤፍማ ከዚያ ባነሰውም ያመልጣል። አንዱን ጠርዝ በሌላው ቦይ እያስገቡ መግጠም ፍሳሹን ያስቀራል፤ ነገር ግን በቦዩ የሚቋጠረው ውሃ መውጫ ስለሌለው ወለሉን ከውስጥ ይበላዋል። እህል በጆንያ ለሚጫንበት አገር ክፍተቱን ትቶ፣ ሳይሰፈር ሲጫን ደግሞ ከሥሩ ሸራ ማንጠፍ የሚሻል ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቅቡ ደረስን። ሰው ሁሉ ከዚህ ሊጀምር ይወዳል፤ ዳሩ ግን ቅብ ከላይ የተነገረውን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም።

ቀለምና ቫርኒሽ በእንጨቱ ፊት ላይ እንደ ቆዳ የሚሆኑ ናቸው። ወለል ግን የሚጎተትበት፣ የሚረገጥና አካፋ የሚፍቀው ነገር ስለ ሆነ ያ ቆዳ ሳይቆይ ይቀደዳል። በቅዳዱ የገባው ውሃ በቀረው ቆዳ ሥር ይታሰራል፤ ስለዚህ የተላጠ ቀለም ያለበት ወለል ምንም ካልተቀባው ቀድሞ ይበሰብሳል። ቫርኒሽ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ የፀሐይ ጨረር ከሥሩ ያለውን የእንጨት ፊት ይበላና ቅቡ የሚይዘው ያጣል። የዚህ ጨረር ኃይል ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከመቶ 10 ያህል ስለሚጨምር የደጋው ቫርኒሽ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ይጎዳል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይትን በተመለከተ የብዙዎችን ልማድ መቃወሜን አልሸሽግም። ርካሽ ነው፣ ጥቁር መልኩም ሥራ የሠራ ያስመስለዋል። ነገር ግን ይህ ዘይት ከቶ አይደርቅም፤ ግማሹ በፀሐይ ወዝቶ ይወጣል፣ ግማሹ በዝናብ ታጥቦ ወደ እርሻውና ወደ ወንዙ ይሄዳል። ወለሉን ያዳልጣል፣ አቧራና ጭቃንም ያጣብቃል፤ ያ ጭቃ ደግሞ ውሃ ይይዛል። ከሁሉ የሚብሰው በሞተር ውስጥ ሲቃጠል የተጠራቀሙት የብረት ቅንጣቶችና ካንሰር ያስከትላሉ የሚባሉ ውሕዶች በውስጡ መኖራቸው ነው። ጆንያ ይህን ይመጥጣል፣ ከጆንያውም ወደ እህሉ ያልፋል። ቡና ደግሞ ሽታ በመውሰድ የታወቀ ነው። የአውሮፓ ገዢዎች የቡናና የካካዎ ጆንያ ቃጫው ሲፈተል የሚለሰልስበት ዘይት እንኳ ከማዕድን ዘይት ወደ አትክልት ዘይት እንዲለወጥ ያስገደዱት በዚህ ምክንያት ነው። ለክር ማለስለሻው እንዲህ የተጠነቀቀ ገዢ የተቃጠለ ዘይት የጠጣ ወለል ላይ ያደረ ቡና ቢደርሰው ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው የሚደርቅ ዘይት ነው፤ ይህም በቤታችን ይገኛል። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ወደ ጠጣርነት የሚለወጥ በመሆኑ በእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይረጋል፤ በፊቱ ላይ ቆዳ ስለማይሠራም አይላጥም። የማንኛውንም ዘይት ጠባይ ለመለየት በመስተዋት ቁራጭ ላይ ስስ አድርጎ ቀብቶ አየርና ብርሃን በሚያገኝበት ቦታ መተው ይበቃል። የተልባው በቀናት ወይም በሳምንት ገደማ ቆዳ ያበጃል፤ የኑጉ ለብዙ ጊዜ እንደ ሙጫ እየተጣበቀ ይዘገያል፤ የፓልምና የሞተር ዘይት እንደ ቀቡት ይኖራሉ። በቀለም ሱቅ የሚሸጠውና ማድረቂያ የተጨመረበት የተልባ ዘይት በቀን ወይም በሁለት ቀን ይደርቃል። ይህን በቤት አፍልቶ ለመሥራት መሞከር እሳት መጥራት ስለ ሆነ አይገባም።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ወለሉ በሚገባ የደረቀበት ወር፣ ማለት ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ይመረጣል፤ የክረምቱ ውሃ ገና ከእንጨቱ ሳይወጣ በመስቀል ማግስት መቀባት ውሃውን መቆለፍ ነው። የመጀመሪያው ቅብ ዘልቆ እንዲገባ በእኩል መጠን አኳራጅ ይቀጥናል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው እየወፈረ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ቅብ በኋላ እንጨቱ ያልጠጣው ትርፍ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጨርቅ ይጠረጋል፤ አለዚያ ያጣብቃል። ጣውላዎቹ ከመነጠፋቸው በፊት በስድስቱም ፊታቸው፣ በብሎን ቀዳዳቸውም ጭምር መቀባት አለባቸው፤ ከተነጠፉ በኋላ ከታች ያለውን ፊት የሚደርስበት የለም። ዘይቱ የተጠረገበት ጨርቅ ተጠቅልሎ አንድ ቦታ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊነድ ስለሚችል ተዘርግቶ ይሰጣ ወይም ውሃ ውስጥ ይግባ። የተልባ ዘይት ፈንገስን የሚገድል መርዝ አለመሆኑም መታወስ አለበት፤ የሚያደርገው ውሃውን ማዘግየት ብቻ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይታደሳል።

በመድኃኒት ስለ ተነከረ እንጨት የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። በአሜሪካ ተሳቢ ሠሪዎች በግፊት የተነከረ ፓይን፣ ወይም ኦክ፣ ለከባድ ሥራም ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚመጣውን አፒቶንግ ይጠቀማሉ። በእኛም አገር ለኤሌክትሪክ ምሰሶ የሚሆነው ባሕር ዛፍ እንዲሁ በግፊት ይነከራል። መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ የተቀላቀለበት መድኃኒት በ1933 እ.ኤ.አ. በህንዳዊው ሶንቲ ካሜሳን የተገኘና እንጨትን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የሚያቆይ ነው፤ ሆኖም በአርሴኒኩ ምክንያት ከ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት ሥራ መዋሉ ቀርቷል። ለእህል ተሳቢ አልመክረውም። ከአሮጌ ምሰሶ የተሰነጠቀ ጣውላ ያገኘ ሰው ቢኖር ደግሞ ትርፍራፊውን እንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ እንዳይከተው፤ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። እንደዚሁም የአሮጌ ኮንቴይነር ወለል፣ 28 ሚሊ ሜትር የሚወፍረው ኮምፔንሳቶ፣ ጠንካራና ለተሳቢ የተመቸ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ተባይ ማጥፊያ የተጨመረበት ስለ ሆነ፣ በበሩ ላይ ያለውን የብረት ሰሌዳ ሳያነቡ ምግብ የሚነካበት ሥራ ላይ ማዋል አይገባም።

ከተሠራ በኋላ ያለው ጥበቃ ከቅቡ ይልቅ የልማድ ነገር ነው። ተሳቢው ሲቆም መጎተቻው ድንጋይ ላይ ከፍ ተደርጎ ቢቀመጥ ውሃው ወደ ኋላ ይፈስሳል። ባዶውን ሲያድር ሸራውን ወለሉ ላይ ጥሎ መተው ከዝናብ የሚጠብቀው ይመስላል፤ ግን እርጥበቱን አፍኖ ያሳድራል። ሸራው እንደ ድንኳን ከፍ ብሎ ይወጠር፣ አለዚያ ይቅር። ዩሪያና ሌላው ማዳበሪያ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ብሎኑንም ስለሚያዝግ፣ ከተራገፈ በኋላ ወለሉ በውሃ ታጥቦ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ የከብት ሽንትና እበትም እንዲሁ። በክፍተቶቹ የተወተፈው ጭቃና ገለባ በሽቦ ይጠረግ።

ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ አንድ ሰው ካቻቢቴ ይዞ ከተሳቢው ሥር ይግባና ጣውላው በየአግዳሚው ብረት ላይ ያረፈበትን ጠርዝ፣ የየብሎኑን ዙሪያና የጣውላዎቹን ጫፍ ይውጋ። ደኅና እንጨት ካቻቢቴውን ይመልሳል፣ ሲነቀልም ረጅም ስንጣሪ ያነሣል። ያለ ችግር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከገባ፣ እንጨቱም በአጭሩ እየተቆረሰ ከፈረሰ፣ የላይኛው ፊት ምንም ቢያምር ያ ጣውላ ከብት ሳይወጣበት ይለወጥ።